የጣት ተወካይ

ውድ ጋሼ፣

የፋብሪካችንን የዳይሬክተሮች ቦርድ ብቻዬን አንበረከክኩት። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ብዬ ነው ቀድሜ የምነግርህ። እሺ፣ እውነቱን ለመናገር የተንበረከከ ሰው የለም፤ ሁሉም ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ብቻዬንም አልነበርኩም። ግን ለትንሽ ጊዜ አዳራሹን ጸጥ አሰኝቼዋለሁ። እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ፤ እያወራሁ ሰው ዝም ካለልኝ ያ ቀን ለኔ የድል ቀን ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት እስቲ የእጅ ጽሑፉን ልብ ብለህ እየው። የማን ይመስልሃል? የራሴ ነው። የማታ ትምህርቱን ጨረስኩ። ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ ብልህ ደስ ባለኝ፤ አንደኛ የወጣችው ግን ዳቦ ቤት የምትሠራዋ ሴትዮ ናት። እኔ ከጎበዞቹ መሃል ነኝ። ስንተኛ እንደሆንኩ አትጠይቀኝ። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ባለቤቴ አሳሯን እያየች ነው፤ የሳሙናውን መጠቅለያ አነብላታለሁ፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ አነብላታለሁ፣ አውቶቡስ ውስጥ የመንገዱን ማስታወቂያ ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላታለሁ። "አንተ ሰውዬ፣ እኛም እኮ ዓይን አለን" ትለኛለች። እስከ ዛሬ "መግባት ክልክል ነው" በተባለ ስንት በር ዘው እያልኩ እንደገባሁ ያወቅኩትም አሁን ነው።

ለምን እንደተማርኩ ሳትገምት አትቀርም። ድሮ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ሰው ነበረኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ከመጋዘኑ ጀርባ፣ የካርቶን እስር ላይ ቁጭ ትላለህ፣ እኛም ተሰልፈን እናስጽፍሃለን። ለእናቴ ያስጻፍኩህ ትዝ ይልሃል? "ወፍሬአለሁ በልልኝ፣ አለቃም ሆኛለሁ በልልኝ" ስልህ ብዕርህን ከወረቀቱ ላይ ታነሳና ዓይን ዓይኔን እያየህ "ይሄም ይጻፍ?" ትለኛለህ። ሌላ ነገር አትልም። አትቆጣም፣ አትስቅም። አንዳንዴ ደፍሬ "ይጻፍ" እላለሁ፤ አንዳንዴ አፍሬ "ተወው በቃ፣ ደህና ነው በልልኝ" እላለሁ። እናቴ እስከ መጨረሻዋ ልጄ አለቃ ነው እያለች ጎረቤቶቿን አስቀንታለች። ያን ቀን ሳላፍር ቀርቼ ነው።

ከዚያ ማሽኑ የቀኝ እጅህን ሦስት ጣቶች ወሰደ። እዚህ ላይ ቀልድ ፈልጌ አጣሁ፤ ስለዚህ አልፈዋለሁ። ሆስፒታል ልጠይቅህ መጥቼ የማወራው ጠፍቶኝ "አሁን ለኔ ማን ሊጽፍልኝ ነው?" ስልህ፣ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙረህ "ራስህ ተማራ" አልከኝ። የተቆጣህብኝ መስሎኝ ነበር። ቤቴ ደርሼ ሳስበው ግን ምክር ነው። ወይ ቁጣም ምክርም ነው። በማግስቱ ሄጄ ተመዘገብኩ።

አንተ ደግሞ ወደ እህትህ ከተማ ሄድክ። ስደውልልህ "ደህና ነኝ፣ ሁሉንም ሰላም በልልኝ" ብለህ ትዘጋለህ። ደብዳቤ መዝጊያ ቁልፍ የለውም ጋሼ። ብታጥፈው እንኳ መልሰህ ትከፍተዋለህ።

አሁን አንድ ነገር ልነግርህ ነውና ቆመህ ከሆነ ተቀመጥ። ነገሩ አልፏል፤ አትደንግጥ። ልጅህ "ዕቃ ግምጃ ቤት ነው የምሠራው" ያለችህ መጀመሪያ ላይ እውነት ነበር። አንተ ስትወጣ ፋብሪካው በምትክህ ሲቀጥራት እዚያ ነበር ያስገቧት። ኋላ ግምጃ ቤቱ ሰው ሲቀንስ ወደ ማምረቻው አዛወሯት፤ የት ያቆሟት ይመስልሃል? አንተ ትቆምበት የነበረው ቦታ። ያቺው መቁረጫ ማሽን ላይ። አሥሩም ጣቶቿ ደህና ናቸው። ይህን ደብዳቤ ልጀምር ስል ሄጄ እጆቿን ገልብጬ ቆጥሬያቸዋለሁ፤ "አጎቴ፣ አበድክ እንዴ?" አለችኝ። "ለአባዬ ብትነግረው አላናግርህም" ብላ አስምላኝ ነው እስከ ዛሬ የቆየሁት። እኔ ምስጢር ስይዝ አስበው። ሆዴ ተነፍቶ ሊፈነዳ ነበር። አሁን ግን ራሷ "ንገረው" አለችኝ።

ያቺን ማሽን "አማቴ" ብለህ የሰየምካት አንተ ነህ። "ዝም ብላ ታይሃለች፤ ስትዘናጋ ጠብቃ ትይዝሃለች" ትል ነበር። ካንተ ወዲህ ማንም በዚያ ስም ጠርቷት አያውቅም። ልጅህ ፊቷ ስትቆም ግን እኔ ከማሰሪያው ጠረጴዛ ሆኜ ሥራዬን ትቼ እጇን ነበር የማየው። ካርቶኑ ይገባል፣ ስለቱ ይወርዳል፣ እጇ ይመለሳል። እንደገና ይገባል። ማታ ስተኛም ያንኑ አያለሁ። ባለቤቴ "ምን ያስቃዥሃል?" ስትለኝ "ፈተና ደርሶብኝ ነው" እላታለሁ።

ነገሩ እንዲህ በሆነበት ሰሞን፣ ለብዙ ጊዜ ኪሳራ ሲቆጥር የኖረው ፋብሪካችን አተረፈ ተባለ። ወሬው ከመጋዘን እስከ በር ጥበቃው በአንድ ጠዋት ተዳረሰ። ገንዘቡ ወይ አዲስ መቁረጫ ይገዛበታል፣ እጅ ሲገባበት በራሱ የሚቆም ዓይነት፤ ወይ ለባለአክሲዮኖች በትርፍ ድርሻ መልክ ይከፈላል። ለሁለቱም አይበቃም አሉ። ትርፍ እንደዚህ ሰው የሚያስጨንቅ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

ከዚያ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሌላው ሰው እያየ ሲያልፍ እኔ ቆምኩ፤ ያልተነበበ ነገር ማለፍ እንደማልችል ነግሬሃለሁ። "የዳይሬክተሮች ቦርድ የዘንድሮውን ትርፍ አጠቃቀም በተመለከተ ከባለድርሻ አካላት ጋር ይመክራል። ባለድርሻ አካላት በሙሉ ቅዳሜ ጠዋት በስብሰባ አዳራሹ እንድትገኙ" ይላል።

አካላት የምትለዋ ላይ ቀጥ አልኩ። በዚያው ሳምንት እኮ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ሰው ስሎ የአካል ክፍሎችን ነበር ያስጻፈን፤ ራስ፣ ትከሻ፣ ክንድ፣ ጣት። ስለዚህ እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ባለድርሻ ማለት ድርሻ ያለው ነው። ባለድርሻ አካል ማለት ደግሞ በአካሉ ድርሻ ያለው፣ ገንዘቡን ሳይሆን ገላውን ያስገባ ሰው ነው። በልቤ "እነዚህ ሰዎች ለካ እንዲህ ደጎች ናቸው፤ ጋሼን ፈልገው ነው" አልኩ። አንተ ሩቅ ነህ፤ ስልክም አታወራም። ስለዚህ እኔው ልወክልህ ቆረጥኩ።

ቅዳሜ የሠርጌን ኮት ለበስኩ። ቁልፉ አልገጠመም፤ ኮቱ ጠቦ ነው እንጂ እኔ አልወፈርኩም። በሩ ላይ እንግዳ የምትመዘግብ ልጅ ጠረጴዛ ይዛ ተቀምጣለች። ቀና ሳትል "የትኛውን አካል ወክለው ነው?" አለችኝ። ይኸው፣ አልኩ በልቤ፣ በትክክል ገብቶኛል።

"ጣት" አልኳት።

"ጣት?"

"ጣት።"

በዚህ ዘመን ማኅበሩም ድርጅቱም በአጭር ስም ስለሚጠራ ነው መሰለኝ፣ ምንም አልመሰላትም። ካርድ አወጣችና በሚያምር ጽሑፍ "ጣት" ብላ ጽፋ ሰጠችኝ። ውስጥ ገብቼ ካርዴን ጠረጴዛ ላይ አቁሜ ተቀመጥኩ፤ በግራዬ "ባንክ" የሚል ካርድ ያለው ሰውዬ፣ በቀኜ "ወረቀት አቅራቢዎች" የሚል። በሕይወቴ ስሜ ተጽፎ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። ስሜ አይደለም እንጂ።

የቦርዱ ሰብሳቢ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጠረጴዛው ላይ ይፈልጉታል። ሰዉ በየተራ እንዲናገር አደረጉ። ባንኩ ብድሬ በሰዓቱ ይመለስ አለ። አቅራቢዎቹ የሸጥነው አሮጌ ወረቀት ክፍያ አይዘግይብን አሉ። የሰፈሩ ተወካይ ከፋብሪካው የሚወጣው ፍሳሽ ደጃችን ድረስ ይመጣል አለ፤ እንዴት እንደሚሸት ሲያስረዳ ባንኩ አፍንጫውን ያዘ። የሁሉም ነገር ልክ መሰለኝ። እኔ ግን የምጠብቀው ባለአክሲዮኖቹን ነበር። ልጣላቸው ነው የመጣሁት። ወርቅ ያንጠለጠለ፣ ሆዱ ጠረጴዛ የሚገፋ ሰው ነበር በልቤ የሳልኩት።

የተነሱት ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ሹራባቸው ክርኑ ላይ ተቀዶ ተሰፍቷል። "እኔ አክሲዮን የገዛሁት ሀብታም ሆኜ አይደለም" አሉ። "ባለቤቴ ሲሞት የተሰጠኝን ነው ያስገባሁት፤ ለእርጅናዬ ይሆነኛል ብዬ። እርጅናው መጣ፣ ትርፉ ግን አልመጣም።"

ሰዉ ፈገግ አለ። እሳቸው ግን አልሳቁም። የልብ መድኃኒታቸውን አንዱን ወር እየገዙ አንዱን ወር እንደሚዘሉት ጨመሩና ተቀመጡ። ጋሼ፣ የተዘጋጀሁበት ጠብ ሁሉ እጄ ላይ ቀረ። እናቴን እኮ ነው የመሰሉኝ።

ሰብሳቢዋ ነገሩን ሳይደብቁ አስረዱ። ዘንድሮም ለባለአክሲዮኖች ካልተከፈለ ብዙዎቹ ድርሻቸውን እንሸጣለን ብለዋል፤ ገዢው ደግሞ ካርቶን አይፈልግም፣ የሚፈልገው ቦታውን ነው። ያኔ ማሽንም ሠራተኛም የለም። ትርፉ ሁሉ ከተከፈለ ደግሞ አሮጌው ማሽን ይቀጥላል። "ቦርዱን የመረጡት ባለአክሲዮኖች ናቸው፤ ቦርዱ የሚጠብቀው ግን ፋብሪካውን ነው" አሉ። ከዚያ ፊታቸው ያለውን ባዶ ካርቶን አንስተው "ያለኝ አንድ ሉህ ነው። ከዚህ ብቆርጥ ከዚያ ይጎድላል። ከየት እንደምቆርጥ ንገሩኝ" አሉ። ድካማቸው ከድምፃቸው ይሰማ ነበር።

ከዚያ ካርዴን አዩ።

"የጣት ተወካይ" አሉ፣ በመጨረሻ መነጽራቸውን አግኝተው። "ይቅርታ፣ ጣት ሲዘረዘር ምንድን ነው?"

ብድግ አልኩ። "ሲዘረዘር ሌባ ጣት፣ የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ነው።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። "ሌባ" የምትለዋ ላይ የሂሳብ ኃላፊው ቀና ማለቱን ግን አይቼዋለሁ። ሰብሳቢዋም እየሳቁ "የማን?" አሉኝ። ያንተ መሆናቸውን ነገርኳቸው። መቁረጫው ላይ ስንት ዘመን እንደቆምክ፣ እኛን እንዴት እንዳሠለጠንክ፣ ለሁላችን ደብዳቤ ትጽፍ እንደነበር፣ አሁን የማትጽፍ መሆንህን። ማስታወቂያውን አንብቤ የገባኝንም ነገርኳቸው። ሳቁ ከፊት ወንበር ጀምሮ እየከሰመ ሄደ። ጸጥ አሰኘኋቸው ያልኩህ ይሄ ነው። የተጠቀምኩበት ዕውቀት የለም፤ ተሳስቼ ነው። ቤት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ ደመቅ ያለ ንግግር፤ አንዱም ቃል አልመጣልኝም።

የሂሳብ ኃላፊው ሊያሳፍረኝ አልፈለገም። ለስለስ ብሎ "ወንድሜ፣ ባለድርሻ አካል ማለት እንደዚያ አይደለም፤ ድርጅቱ የሚሠራው ሥራ የሚነካው ወገን ሁሉ ማለት ነው" አለኝ።

"እንግዲያውስ እሱን በደንብ ነክቶታል" አልኩት።

ያኔ ነርሷ ከመቀመጫቸው ዞሩ። "አሁን ማሽኑ ላይ የሚሠራው ማነው?" አሉኝ።

"ልጁ ናት።"

ሰብሳቢዋ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ፤ ሥራ አስኪያጁ አንገቱን ደፋ። አላወቁም ነበር ጋሼ። ክፉ ስለሆኑ አይደለም። እነሱ ጋ የሚደርሰው ወረቀት ላይ ቁጥር እንጂ የማን ልጅ የት እንደቆመች አይጻፍም።

ነርሷ ሹራባቸውን አስተካከሉና "እኔ ድርሻዬን አልተውም" አሉ። "ልተው ብልም አልችልም፤ የምኖርበት ነው። ግን ዘንድሮ ግማሹን ስጡኝ፣ ግማሹን ለከርሞ። ማሽኑን ግዙ።" አጠገባቸው ያለ ሌላ ባለአክሲዮን "እርስዎ ስለራስዎ ይናገሩ እንጂ" ብሎ አጉረመረመ። "ስለራሴ ነው የተናገርኩት" አሉት።

የቦርዱ አባላት ወደ ጎን ክፍል ገቡ። በመስታወቱ ሲከራከሩ አያለሁ፤ ድምፅ አይሰማም። አንዱ ይነሳል፣ ሌላው ይቀመጣል፣ ሰብሳቢዋ ካርቶኑን እያገላበጡ ይሰማሉ። ባንኩ ወደኔ ጠጋ ብሎ "እርስዎ ግን የምር የማን ተወካይ ነዎት?" አለኝ። ሲወጡ ሰብሳቢዋ ቆመው ተናገሩ። የትርፍ ድርሻው ግማሹ ዘንድሮ ይከፈላል፣ ቀሪው በሚቀጥለው ዓመት። ማሽኑ ይገዛል፤ የሚጎድለውን ባንኩ እንዲያበድር ይጠየቃል። ባንኩ ያን ሲሰማ ወዲያው ወረቀቱ ላይ መጻፍ ጀመረ፤ ምን እንደጻፈ ላነብ ብሞክር በእጁ ከለለው። የቦርዱ አባላትም የዘንድሮ አበላቸውን ይተዋሉ። ማሽኑ እስኪመጣ አሮጌው በቀስታ፣ በሁለት ሰው ብቻ ይሠራል። አቅራቢዎቹ ትንሽ ይጠብቃሉ። ፍሳሹ ገና ነው፤ የሰፈሩ ተወካይ አኩርፎ ነው የወጣው፤ አልፈርድበትም። "ሁላችሁም ትንሽ ትንሽ ቅር ብሏችኋል" አሉ ሰብሳቢዋ። "አንዳችሁ ብቻ ደስ ብሏችሁ ብትወጡ ነበር የምፈራው።"

ሐሳቡ ለባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ሲቀርብ እኔም ከኋላ ሆኜ እንድታዘብ ፈቀዱልኝ። "የሚደግፍ እጁን ያውጣ" ሲባል እጄን ከሁሉ ቀድሜ አወጣሁ። ሰብሳቢዋ ከመድረክ ሆነው "የጣት ተወካይ እባክዎ እጅዎን ያውርዱ፤ ድምፅ የሚሰጡት ባለአክሲዮኖች ናቸው" አሉኝ። አወረድኩ። አውርጄ ግን አየሁ። የነርሷን ጨምሮ ያ ሁሉ እጅ፣ ጣቱን ዘርግቶ፣ ላንተ ወጥቶ ነበር። ያልወጣም ነበር። የወጣው ግን በለጠ።

ታዲያ ነገሩ በዚያ ጣፍጦ አላለቀም። ማሽኑ እስኪመጣ ወራት ሄደ። አሮጌው በቀስታ ሲሠራ ምርቱ ቀነሰ፣ ምርቱ ሲቀንስ የትርፍ ሰዓት ክፍያችን ቀረ። የጫኝና አውራጅ ልጆች ምሳ ሰዓት ላይ ከበቡኝ። አሁን ስሜ "አቶ ጣት" ነው፤ ፋብሪካው ሙሉ እንደዚያ ነው የሚጠራኝ። "አቶ ጣት፣ ጣትን ወከልክ፤ ሆዳችንን ማን ይወክለው?" አሉኝ። እነሱም እውነታቸውን ነው፤ ልጆች አሏቸው። ያን ቀን የሰብሳቢዋ ድካም ገባኝ። ሉሁን አንዴ እጅህ ላይ ካስቀመጡልህ፣ ከየትም ብትቆርጥ የሚያይህ ሰው አለ።

ባለፈው ሳምንት አዲሱ ማሽን ገባ። የቆመው ያው አንተ ቦታ ላይ ነው። ሲሞከር መጀመሪያ እጁን ያስገባ ሰው እኔ ነኝ። እሺ፣ ያስገባሁት ጓንት ነው፤ ጓንቱ ውስጥ እጅ አልነበረም። በዱላ ጫፍ አድርጌ ነው። ማሽኑ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጓንቱን ጫፉን እንኳ አልነካውም። አሮጌዋን በጭነት መኪና ሲወስዷት ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ አጨበጨበ፣ ልጅህም ሆዷን ይዛ ሳቀች። ጫኝና አውራጆቹ እንኳ "በርታ አቶ ጣት" ብለውኛል።

አዲሱ ማሽን ገና ስም የለውም። ሁሉም አንድ አንድ ስም አምጥቶ ነበር፤ እኔ ከለከልኩ። ስም የሚያወጣው ጋሼ ነው አልኩ። ስለዚህ አንድ ቀን መጥተህ አይተኸው ትሰይመዋለህ። እስክትመጣ ድረስ በግራ እጅህ ጻፍልኝ። ጠማማ ነው ብለህ አትፈር፤ የኔንም እያየኸው ነው። ልጅህ አነበበችልኝ የሚባል ነገር የለም፤ ራሴ ነኝ የማነበው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አውቶቡስ ውስጥ።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ጨርሼ፣ ፖስታ ውስጥ ከትቼ፣ መልሼ አወጣሁት። ከላይ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ፈጥሬአለሁ። ልጅህ አልሳቀችም። መኪናው ከግቢው እስኪወጣ ቆማ አየችና ሁለት እጆቿን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ አለቀሰች። አንተ ሆስፒታል የተኛህ ጊዜ እንኳ እንደዚያ ስታለቅስ አላየኋትም። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ "አጎቴ፣ ለአባዬ ስትጽፍለት ሳቀች በልልኝ" አለችኝ። እሺ ብዬ ጻፍኩልህ። ግን "ሳቀች" የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ ብዕሬ ከወረቀቱ ተነሳ፤ ከኋላዬ ቆመህ "ይሄም ይጻፍ?" ያልከኝ መሰለኝ።

ይጻፍ ጋሼ። ማልቀሷም ይጻፍ፣ ሳቀች በልልኝ ማለቷም ይጻፍ።

የጣቶችህ ተወካይ